በማኅተም የተፈቀደ ስግደት

እትዬ ስንዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። መጻሕፍት ቤቱ ተቀምጬ ገጻቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ስለጥፍ አንዲት መምህርት በበሩ ብቅ ብላ ነገረችኝና፣ ማንም ሳይጠይቃት «ያ ባትሪ ነው አሉ የጨረሳቸው» ብላ ጨመረች። ለቅሶ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ከድንኳኑ አንድ ጥግ «ብረት ሰው ልብ ውስጥ ምን ይሠራል?» ይላሉ፤ ከሌላው ጥግ «ምን ብረት፣ ያን ጊዜ የሰገዱት ነው እንጂ» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ከንፈሩን እየመጠጠ ነው የሚናገረው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። እትዬ ስንዱን የገደላቸው የሳንባ ምች ነው። ነሐሴ ላይ፣ ደባርቅ ጭጋግ ለብሳ ጎረቤትና ጎረቤት በማይተያይበት ሰሞን ያዛቸው፤ በስምንተኛው ቀን ወሰዳቸው። ባትሪው እስከ መጨረሻው ሥራውን እንዳልተወ ያከማቸው ሐኪም ነግሮኛል። የስግደቱን ነገር ደግሞ ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደነበረው እጽፈዋለሁ።

እትዬ ስንዱ የዳባት ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆነው እስከ አምቢኮ ድረስ በእግራቸው ሄደው ገበሬውን ፊደል አስቆጥረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደባርቅ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። በዚያ አጥር ሥር ከተደረደሩት ጸሐፊዎች ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እስክሪብቷቸውን ከሻሻቸው ሥር ይሰኩታል። ጽፈው ሲጨርሱ፣ ቀለሙ የሚነጥብ ባይሆንም፣ ወረቀቱን እፍ ይሉታል። ከብርዕና ከቀለም ዘመን የቀረ ልማድ መሰለኝ።

እኔ የተዋወቅኋቸው በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከባሌ ተለያይቼ የመሬት ድርሻዬን ለመጠየቅ ማመልከቻ ላስጽፍ ሄድሁ። ታሪኬን ሰምተው በአንድ ገጽ አስቀመጡልኝ። መጨረሻ ላይ እንደማንኛውም ያልተማረ ሰው አውራ ጣቴን ዘረጋሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጣቴ ነው፣ እትዬ። ልፈርም ብዬ ነው።»

«ጣትማ ጭላዳም አለው። ስምሽ ማን ነው?»

«ዓለሚቱ።»

«አራት ፊደል ናት። ሂጂና አራት ፊደል ተምረሽ ነይ። ቀጠሮሽ ገና ሩቅ ነው፤ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ይቆይልሻል።»

በንዴት እያለቀስሁ ነው ቤቴ የገባሁት። የጎረቤቴን ልጅ ደብተር ተውሼ፣ በወሩ ተመልሼ ሄጄ ስሜን ጻፍሁ። እትዬ ስንዱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«‘ሚ’ሽ አንካሳ ናት» አሉ። «ድገሚያት።»

እንዲህ ተጀመረ። ከልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ የጻፉትን እገለብጣለሁ። ስገለብጥ አንድ ቃል ብጨምር ወረቀቱን ይቀድዱታል፤ አንድ ቃል ብቀንስም ይቀድዱታል። ዛሬ የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት በእጄ ያለው በዚያ ጠረጴዛ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚጠሉት ነገሩን በግማሽ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ነበር። አንድ ቀን ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ አንድ የፓርክ ጠባቂ በበቅሎ ክስ መጣ። በቅሎዋ የእኔ ናት፣ ወንድሜ ወሰደብኝ ይላል። ሁለት መስመር ጽፈው ቆሙ።

«ለመሆኑ በቅሎዋን ማን አሳደጋት?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «ወንድሜ።»

«ማን ገዛት?»

«እኔ።»

«ታዲያ ይህን መቼ ልትነግረኝ ነበር? ዳኛው ፊት ስትቆም? ግማሹን ዋጥ አድርገህ ግማሹን ምን ልጻፍልህ? ሂድና ሙሉውን ይዘህ ና!»

ጠባቂው እየሳቀ ሄደ፤ በማግስቱ ሙሉውን ይዞ መጣ። እሳቸውም ጻፉለት። አልሳቁም እንጂ ደስ እንዳላቸው ወረቀቱን እፍ ካሉበት ትንፋሽ አወቅሁ፤ ረዘም ያለ ነበር።

ልባቸው መድከም የጀመረው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ቆመው ሲያወሩ ዓይናቸው ይጨልምና ይወድቃሉ። ጎንደር ታዩ፤ የልባቸው ምት ከመጠን በላይ ዘግይቷል ተባለ፤ አዲስ አበባ ተላኩና ልብ የሚቀሰቅስ ባትሪ ከግራ ብብታቸው ከፍ ብሎ፣ ከአንገት አጥንታቸው ሥር ቀበሩላቸው። ሽቦው ከዚያ ተነሥቶ በደም ሥር ልብ ውስጥ ይገባል። አብሬያቸው ሄጄ ስለነበር ሐኪሟ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሽቦው ልብዎን ቆንጥጦ እስኪይዝ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ግራ እጅዎን ከትከሻዎ በላይ አያንሡ፣ በግራ እጅዎ አይደገፉ፣ ከባድ አይሸከሙ።»

«ለመጻፍ ቀኝ እጄ ይበቃኛል» አሏት።

ባትሪው ልብ ሲዘገይ በደቂቃ ስልሳ ጊዜ እንደሚቀሰቅስ የሚገልጽ ካርድ ሰጡን። ቁጥሩን በማስታወሻዬ ጻፍሁት። ምንም ነገር ሳልጽፍ አላልፍም፤ ይህም ከእሳቸው የወሰድሁት ነው።

ደባርቅ የተመለስነው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነበር። ከተማው ስለ ባትሪው የማይለው አልነበረም። ብረት ያለበት ሰው ጠበል አይጠመቅም የሚልም ተነሣ። እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተመልሰው ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ሁልጊዜ ጠዋት ይጠይቃቸዋል።

«እትዬ፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ደረሰ?»

«ካንተ ጭንቅላት ይበልጣል፤ አታስብ።»

ስቅለት የዋለው ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ሳምንት ነው። ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነፍስ አባታቸው ቄስ አድማሱ ገና ከበሩ ጠሯቸው። «አንቺ ዘንድሮ እዚያ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጪ። በልብሽ ስገጂ፤ እግዚአብሔር ያያል።»

«አባ፣ ታማሚው እሱ ልቤ አይደለም እንዴ? ጉልበቴ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታማሚውን ላሠራው?»

ቄሱ ፈገግ ብለው አለፉ። እትዬ ስንዱም ተቀመጡ። እኔ ከሕዝቡ ጋር ኪርያላይሶን እያልሁ ስሰግድ ዋልሁ። ከቀትር በኋላ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ማታ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸው ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶታል፤ ግንባራቸው ላይም እንደ አሻራ የሆነ አፈር አለ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው?»

«ሰው ገፍቶኝ ተደናቀፍሁ። ወደ ፊት ሂጂ፣ መንገዱን አትዝጊ።»

ዝም አልሁ። ዝምታዬን ለራሴ አክብሮት ብዬ ነበር የጠራሁት። አክብሮት አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ስቅታ ጀመራቸው። መጀመሪያ ሳቅንበት፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ «ማን እያነሣሽ ነው?» ትላለች። እሑድ ፋሲካ ሆነ፤ ዶሮ ቀመሱ፤ ሆዳቸው ተነፋ፣ ማቅለሽለሽ መጣ፣ ስቅታውም ባሰ። ሰኞ የዶሮውን መረቅ ቀምሰው ሲነሡ ዓይናቸው ጨልሞ ደጃፉ ላይ ወደቁ።

ማንም አልደነገጠም። በፋሲካ ሰሞን ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ለምን እንዳልደነገጥን ያውቃል። ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ቅቤ የሰነበተ ሆድ በአንድ ጠዋት ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ሲወርድበት የከተማው እኩሌታ ሆዱን ይዞ ክሊኒክ ይሰለፋል። አንዱ የግል ክሊኒክ እሳቸውንም ከሰልፉ መሃል አይቶ ጨጓራ ነው አለ፤ ሽሮፕና እንክብል ሰጠ። ብርቄ ፌጦ አመጣች፤ ሌላዋ ተልባ አመጣች። «ያን ሁሉ ቀን ጾመሽ ሆድሽ ላይ ቅቤ አወረድሽበት፤ ምን ይሁን ታዲያ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እውነታችሁን ነው» ይላሉ። እትዬ ስንዱ ለሰው ሁሉ እውነታችሁን ነው ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ያኔ ነው ነገሩ ያላማረኝ።

ቅቤውን እርግፍ አድርገው ተዉ። ሽሮ ብቻ መብላት ጀመሩ። ስቅታው አልቆመም። ምግብ ሳይቀምሱ በዋሉበት ቀንም አልቆመም። ጨጓራ ቢሆን ኖሮ ባዶ ሆድና ሙሉ ሆድ አንድ አይሆኑም ነበር ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ይቅሩ ብንላቸው አሻፈረኝ ብለው ነው የመጡት። «ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው» ብለው መጻፍ ጀምረው ግንባራቸው ወረቀቱ ላይ ተደፋ። አንሥተን በባለሱቁ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ቀሚሳቸውን ላላ ሳደርግ ከግራ ጎድናቸው በታች ሆዳቸው እንደሚርገበገብ የዓይን ቆብ ሲዘል አየሁ። ሰዓት አወጣሁና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁ። ስልሳ። ሳይዛነፍ ስልሳ። ቀጥዬ የእጃቸውን አንጓ ይዤ ቆጠርሁ። ሠላሳ አራት።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ካርዱን አንብቤአለሁ። ባትሪው ስልሳ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ የሚዘለው ግን ሆድ ነው። ልባቸው አልሰማውም።

ነቅተው አዩኝ። ባለሱቁን ውኃ እንዲያመጣ ላክሁትና አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ስቅለት ዕለት ሰግደዋል።»

«ጨጓራ ነው ተባለ እኮ።»

«ስግደቱን ደብቀውት ነው እንዲያ የተባለው። ስንት ጊዜ ሰገዱ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስቅታው ንግግራቸውን እየቆራረጠው እንዲህ አሉኝ። «ሰግዳ ሽቦውን አፈረሰችው ቢባል... ለእነዚያ ሐኪሞች አፍ መክፈቻ ነው። ይኸው የአገር ቤት ሰው ይላሉ። ባትሪው አላሰግድ አላት ቢባል ደግሞ... ለእነዚህ ለደብሩ ሰዎች አፍ መክፈቻ ነው። ይኸው ብረት ከእምነት ለያት ይላሉ። ለሁለቱም አልሰጣቸውም!»

«ሊሞቱ ነው እኮ።»

«ሰው ሁሉ ይሞታል።»

በሕይወቴ ለእሳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ግማሹን ዋጥ አድርገው ሐኪሙ ግማሹን ምን ይጻፍልዎት? ጠባቂውን ያባረሩት ለዚህ አልነበረም? እርስዎን ግን የሚያባርርዎት የለም!»

ባለሱቁ ውኃውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አንሺኝ» አሉ። «በግራ በኩል አይደለም። በቀኝ!»

ሆስፒታል ያገኘነው ዮናስ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው። የቆጠርሁትን ነገርሁት። አልሳቀብኝም፤ ራሱ ቆጠረ፣ በማሽን የልባቸውን ምት በወረቀት አነሣ፣ ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አየውና ጎንደር ስልክ ደወለ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ሽቦው ከቦታው ወጥቶ ከልብ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ እየቀሰቀሰ ነው አለን፤ ስቅታውም፣ የሆዱ መንፋትና ማቅለሽለሹም ከዚያ ነው፤ ራስ መሳቱ ደግሞ ልብ ብቻውን ስለቀረ ነው። አሁኑኑ መሄድ አለባቸው። የሪፈር ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«እማ፣ ከባድ ሥራ ሠርተዋል?»

«ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?»

«ያው... ከባድ ሥራ በመሥራታቸው ብዬ።»

«ሥራ አልሠራሁም። ሰገድሁ። ሰገደች ብለህ ጻፍ።»

ዮናስ ቀና አለ። «ምክንያቱ ለውጥ የለውም፣ እማ፤ እጅ ማንሣትዎ ነው ዋናው።»

«ለእኔ ለውጥ አለው። ሁለት መቶ አርባ ጊዜ፣ ከቤተልሔሙ ኋላ፣ ብቻዬን። ማንም አላስገደደኝም፤ ቄሱ ከልክሎኝ ነበር፤ ሐኪሟም ከልክላኝ ነበር። ስሕተቴ አራተኛው ሳምንት ላይ መስገዴ ነው እንጂ መስገዴ አይደለም። ይህንንም ጻፍ።»

«እሱማ ቦታ የለውም።»

«ከዳር ጻፈው።»

ከዳር ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ በስቅታ መሃል፣ እፍ አሉት።

መንገዱ ክፍት የነበረበት ሳምንት መሆኑ በጀን። አምቡላንሱ ዳባትን አልፎ ጎንደር አደረሰን፤ በማግስቱ አዲስ አበባ ነበርን። ዳባት ላይ ጎናቸውን ይዘው «ቤታችን ያች ነበረች» ሲሉኝ ትንፋሻቸው እስከ ቃሉ መጨረሻ አልደረሰም። እጃቸውን ይዤ እቆጥር ነበር፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አንዴ ሃያ ስምንት። ቁጥሩን እንዳልናገር ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

ሽቦውን መለሱት። ከክፍሉ ሲወጡ ስቅታው ቆሟል፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም «ራበኝ» ነበር።

ሐኪሟ ከዳር የተጻፈውን አንብባ ኖሯል። ልትቆጣቸው መጥታ አልጋው ዳር ቆመች።

«እናቴ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል። ስድስት ሳምንት ብለሻል፤ አራት ላይ አፍርሻለሁ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚህ በኋላ ምን?»

«የሚመጣው ዓመት። መስገድ እችላለሁ ወይስ አልችልም? አንድ ቃል ተናገሪ።»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ሦስት ወር አልፎ ምርመራው ደኅና ከሆነ ይችላሉ። ቀስ ብለው። ሲያዞርዎት ግን ይቀመጣሉ።»

«ጻፊልኝ።»

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን። ማኅተም ምቺበት።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ነርሶች ሳቁ። «ለስግደት ማኅተም መትቼ አላውቅም!» አለች ሐኪሟ።

«ዛሬ ትመቺያለሻ።»

ጻፈችላቸው። ሁለት መስመር ናት፤ ከነማኅተሟ። በላስቲክ ጠቅልለው ከካርዱ ጋር ደብቀው ያዟት። በሦስተኛው ወር ለምርመራ ሄዱ፤ ሽቦው ይዟል ተባሉ። ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፉ ከረሙ፤ ሆዳቸውም ደኅና ሆነ፤ ባለሱቁም በፐርሰንት መጠየቁን አልተወም።

የሚቀጥለው ስቅለት ብርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄስ አድማሱ ድንጋዩ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ጠበቁን። ብርቄም አለች፤ ሌሎች ሴቶችም ከበቡን። ያለፈው ዓመት ታሪክ የከተማው ሁሉ ስለነበር ሁሉም እጁን ዘርግቶ ሊያስቀምጣቸው ተዘጋጅቷል።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ» አሉ ቄሱ።

እትዬ ስንዱ ከጉያቸው ላስቲኩን አወጡና ወረቀቱን ሰጧቸው። ቄሱ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «‘ታካሚዋ መስገድ ይችላሉ። ሲያዞራቸው ይቀመጣሉ።’» ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ መልሰው ማኅተሙን አዩ።

«ይህን ሐኪም ነው የጻፈው?»

«ሐኪም ናት። ሴት ናት።»

«ኧረ አንቺ ሰው» አለች ብርቄ፣ «ተይ! ደግመሽ እንዳትወድቂብን! እግዚአብሔር ያንቺን ስግደት አጥቶ ነው?»

«አላጣም። እኔ ነኝ ያጣሁት፣ ዓመት ሙሉ። ዞር በይልኝ፣ ቦታ ልያዝ።»

ብርቄ ዞር አለች። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከሕዝቡ መሃል ቆሙ፤ እንደ ዓምናው ከቤተልሔሙ ኋላ አልተደበቁም። ኪርያላይሶን ሲባል ወረዱ። ቀስ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን እኩል መሬት ላይ ዘርግተው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተነሡ። ዙሪያውን ያለው ሰው መስገዱን ትቶ እሳቸውን ያያል። ደግመው ወረዱ። ተነሡ። በአሥራ ሰባተኛው ላይ ፊታቸው ወዛ፤ ቆም ብለው ተነፈሱ፤ የብርቄ እጅ ተንቀሳቀሰ፤ እሳቸው በዓይናቸው መለሱት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ወረቀቱ እንደሚለው። ተነሥተው ቀጠሉ። ያን ጊዜ ሰዉ አንድ በአንድ ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አንሥቶ ወደየራሱ ስግደት ተመለሰ።

እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ጣቶቼን እያጠፍሁ እቆጥር ነበር፤ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት። እሳቸው ከመሬት ቀና ሲሉ አዩኝ።

«ምን ቆመሽ ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ፣ እየተነፈሱ። «የእኔው ለእኔ ነው። የራስሽን ቁጠሪ እንጂ!»

ጣቶቼን ዘረጋሁና ወረድሁ። ግንባሬ መሬት ሲነካ፣ አጠገቤ የእትዬ ስንዱ ጉልበት ተንቋቋ፤ ተነሥተዋል።